በስቅለት ቀን የተቀመጥኩበት ስብሰባ

ስቅለት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስሰግድ ውዬ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ነበር ተባልኩ። ያውም በወፍ ወሬ አይደለም፤ በታተመ ወረቀት፣ ቀኑ ተጽፎ። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈው። አሁንም ግን ሳስበው እናደዳለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥራዬ ልጀምር። ያኔ የምኖረው ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ነበር። በየጠዋቱ በስትሪትካር፣ በመንገድ ባቡር፣ ወጥቼ፣ ሁለት የምድር ውስጥ ባቡር ቀይሬ፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ትንሽ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ልጆቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው። እኔ የቢሮ ረዳት ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ የቀሩ ልጆችን እመዘግባለሁ፣ መምህር ሲታመም ተተኪ እፈልጋለሁ።

አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። እዚህም ለማስተማር ሞክሬ ነበር። የኮሌጅ ውጤትሽ በታሸገ ፖስታ፣ እጅሽ ሳይነካው፣ ከኮሌጁ በቀጥታ ይምጣ አሉኝ። እህቴ ስንት ቀን ተመላልሳ አስላከችልኝ። ፖስታው ሲደርስ ማሸጊያው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀዶ ስለነበር አንቀበልም ብለው መለሱት። መንገድ ላይ ነው የተቀደደው ብል ማን ይስማኝ። ሁለተኛው ሲላክ ደግሞ ማኅተሙ ደበዘዘ ተባለ። በመጨረሻ ተውኩት። ስተወውም አልተቆጣሁም። አገሩ ለወረቀት እውነተኛነት ይጠነቀቃል፣ ይህ መልካም ነገር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ እንጂ።

ትምህርት ቤቱ እውቅና ለማግኘት ያመለከተው እኔ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። እውቅና ማለት እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቶችን የሚመዝን አንድ የውጭ ማኅበር አለ፤ መስፈርቱን ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ራሱን በራሱ መርምሮ ብርታቱንም ድክመቱንም ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱ መስፈርት ማስረጃ ያስቀምጣል። ከዚያ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ መርማሪዎች መጥተው አራት ቀን ይቆያሉ። ክፍል ይገባሉ፤ መምህሩንም፣ ወላጁንም፣ ተማሪውንም ያነጋግራሉ። የተጻፈውና ያዩት ከገጠመ እውቅናው ይሰጣል። ከተሰጠም በኋላ ማረፍ የለም፤ በየዓመቱ ምን እንደተሻሻለ እየጻፉ መላክ ነው። እኔ በሆዴ እንደ ንስሐ ተርጉሜው ነበር። ራስን መርምሮ፣ ተናግሮ፣ ታርሞ፣ ደግሞ ተመልሶ መመርመር። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማስረጃውን በየባይንደሩ፣ ቀለበት ባለው ማኅደር፣ የማደራጀው እኔ ነበርኩ። ለየመስፈርቱ አንድ ባይንደር፣ ጀርባው ላይ ርእስ ለጥፌ መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። የደኅንነቱ ሞላ፣ የትምህርት እቅዱ ሞላ፣ የመምህራኑ ሞላ። ባዶ የቀረው አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ በየጊዜው ተሰብስቦ የተማሪውን ውጤትና የወላጁን ድምፅ ያያል፣ ይወስናል፣ የወሰነው ለውጥ ማምጣቱንም ይከታተላል የሚለው። እኛ ባለፈው ዓመት የተሰበሰብነው ሁለት ጊዜ ነበር። አንዱ ስለ እሳት አደጋ ደወል፣ ሌላው ስለ ገና ግብዣ።

መርማሪዎቹ ሊመጡ አንድ ወር ሲቀር፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ጠራችኝ።

"አንቺ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ ጸሐፊ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነበርኩ። አዎ አልኳት።

"እንግዲያው ይህ ላንቺ ቀላል ነው።" አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ካለፈው ዓመት ኦክቶበር እስከ ጁን ድረስ ዘጠኝ ቀናት ተደርድረውበታል፤ የየወሩ የመጨረሻ ዓርብ። "የዘጠኙን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ትጽፊልኛለሽ።"

"የትኛው ስብሰባ?"

"ተሰብስበናል እኮ። ኮሪደር ላይ፣ ምሳ ላይ፣ መቼ ስለ ልጆቹ ሳንነጋገር ቀርተን እናውቃለን? አልጻፍነውም እንጂ። አንቺ መልክ ታስይዥዋለሽ፣ በቃ።"

ለእግዚአብሔር ብዬ መናገር ያለብኝን ልናገር። ክፉ ሴት አልነበረችም። የልጆቹን ሁሉ ስም ታውቃለች፤ ክረምት ሲገባ ጓንት የሌለውን ልጅ አይታ ከራሷ ቤት ታመጣለች። ስለ ልጆቹ እንነጋገር ነበር ማለቷም ውሸት አይደለም። ስለዚህ ይሁን ብዬ ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ሄድኩ፤ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የኦክቶበርንና የኖቬምበርን ጻፍኩ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። እንዲያውም ጽሑፉ አምሮ ስለወጣልኝ ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር። የሳይንስ መምህሩ ኮሪደር ላይ ዘወትር የሚላትን አንዲት ነገር ወስጄ የኖቬምበሩ ስብሰባ ላይ አናገርኩት።

እኔ ባደግኩበት ወግ ቃለ ጉባኤ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። ስብሰባው ሲያበቃ ይነበባል፤ ያልኩት ይህ አይደለም የሚል ያስተካክላል፤ ከዚያ የተገኘው ሁሉ በስሙ ትይዩ ይፈርማል። ያልተፈረመበት ቃለ ጉባኤ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያንም የምንሠራው እንዲሁ ነው። እናም እጄ እንደለመደው የሁሉንም መምህራን ስም ከግርጌ ደርድሬ፣ ከየስሙ አጠገብ መስመር አስምሬ፣ ሰኞ ጠዋት በየመምህሩ የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። "እባካችሁ ፈርማችሁ መልሱልኝ" የሚል ማስታወሻም አያያዝኩበት።

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ የሳይንስ መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ረጅም ወጣት ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

"ይቅርታ፣ ኖቬምበር ላይ ይህን የተናገርኩት የት ሆኜ ነው?"

"ስብሰባው ላይ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

"በዚያ ቀን ሚስቴ ወልዳ ሆስፒታል ነበርኩ። ተተኪ የፈለግሽልኝ አንቺ ነሽ እኮ።" ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። "ግን ጥሩ ተናግሬአለሁ። እዚያ ብኖር ኖሮ እንዲህ አላሳምረውም ነበር።"

እሱ ሳቀ። እኔ ፊቴ እሳት ሆነ። ለተተኪው የደወልኩት በገዛ እጄ ነው፤ ለልጁም የእንኳን ደስ ያላችሁ ካርድ ያዞርኩት እኔው ነኝ። እንዴት ረሳሁት? መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። ያልሆነ ነገር የሚጽፍ ሰው የሆነውን ማስታወስ አይፈልግም።

ለምሳ ሲወጡ መምህራኑ ሁሉ ይህንኑ ያወራሉ። ዳይሬክተሯ ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስባ ጠራችኝ።

"ማን አዙሪው አለሽ?"

"ካልፈረሙበት ምኑን ቃለ ጉባኤ ሆነ?"

ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። "እዚህ አገር የሚፈርመው የያዘው ሰው ነው። ሌላ ማንም አይፈርምም። አንቺ ብቻ።"

አንቺ ብቻ። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ያቺን ሁለት ቃል ሳመላልስ ቆየሁ። ለካ የዘጠኙም ስብሰባ ምስክር እኔ ብቻ ነኝ። የቀኖቹን ዝርዝር አውጥቼ አሁን በደንብ አየሁት። የኤፕሪሉ ዓርብ ላይ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በየዓመቱ ፈቃድ የምጠይቅበትን ፎርም ከፋይሉ አውጥቼ አመሳከርኩት። ስቅለት ነው። ፎርሙ ላይ የፈረመችው ራሷ ናት።

በዚያ ቀን የት እንደነበርኩ በደንብ አውቃለሁ። በኪራይ አዳራሽ፣ ምንጣፉ ባለቀ ወለል ላይ፣ ግንባሬ መሬት እየነካ፣ "አቤቱ በመንግሥትህ አስበኝ" እያልኩ ነበር። ጉልበቴ እስከ ሰኞ አልተዘረጋልኝም። እነሱ ደግሞ ወንበር ስበው፣ እስክሪብቶ አስይዘው፣ የሒሳብ ውጤት ስለማሻሻል ሊያስጽፉኝ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። "ይህ ቀን ስቅለት ነው" አልኳት።

"ስቅለትማ ማርች ላይ ነበር።"

"የእናንተ። የእኛ ይህ ነው። እኔ ሥራ አልገባሁም፤ ፎርሙ ይኸው።"

አየችውና ትከሻዋን ሰበቀች። "ታዲያ ቀኑን ቀይሪዋ። ሐሙስ አድርጊው።"

ጸሎተ ሐሙስ አድርጊው ማለቷ ነው። አላወቀችም፤ በዚህ አልፈርድባትም። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። የእኔ አሥራ አንድ ዓመት የማስተማር ሕይወት ማሸጊያው ጥፍር ታህል ስለተቀደደ ዋጋ አጣ። እውነት መሆኔን ለማሳየት ያልለመንኩት ቢሮ የለም። እዚህ ግን በዘጠኝ መስመር ዘጠኝ ስብሰባ ይፈጠራል፤ አንዱ አልገጥም ሲል ወደ ሐሙስ ይገፋል። እኛ ስንሆን ወረቀት ሁሉ ሐሰት አለመሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ አይታመንም፤ እነሱ ሲሆኑ ግን መልክ ማስያዝ ይባላል።

"አልፈርምም" አልኳት። "የጻፍኳቸውን ሁለቱንም መልሽልኝ።"

መለሰችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ውልሽ በየጁኑ የሚታደስ መሆኑን ታውቂያለሽ" አለች። "ማስፈራራቴ አይደለም። እውቅናውን ካጣን ለማናችንም ሥራ አይኖርም ማለቴ ነው።"

ማስፈራራቴ አይደለም የሚል ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ የአገሬ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻቸው፤ ምሳዬን እዚያ ይዤ እወርዳለሁ። የዚያን ቀንም ወረድኩ።

"ምነው እንዲህ ቀላሽ? ማን ነካብኝ?" አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ።

"እኔ እኮ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ" አሉ። "አንዱ ሰውዬ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው፤ በቃለ ጉባኤያችን ላይ ግን እጁን አውጥቶ ደግፏል። ተቃውሞ አያውቅም ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።"

"እና ፈረሙ?"

"ፈረምኩ እንጂ። አለመፈረም ከሰውዬው ጋር መሰብሰብ ነበራ።"

እኔ አልሳቅሁም። ቃናቸው ተለወጠ። "እዚህ ምን ያደርጉሻል ልጄ? ያባርሩሻል። መባረር ሞት አይደለም። እኔ በጠመንጃ ነው የፈረምኩት፤ አንቺ በምን ልትፈርሚ ነው?" ቀጥለው ደግሞ ጎሸም አደረጉኝ። "ግን ብልጥ ነሽ። ፈርሙ ብለሽ አዙረሽ አጋለጥሻት አይደል?"

"ማርያምን ጋሼ፣ ሳላስበው ነው። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።"

ነገርኳቸው። በስልክ ነው። ንስሐ አባቴ ስለ ዳይሬክተሯ የማወራውን ትንሽ ሰምተው አቋረጡኝና፣ "አንቺ የጻፍሽው ስንት ነው?" አሉኝ። ሁለት አልኳቸው። "እንግዲህ ስለ ሁለቱ እንነጋገር" አሉ። እውነት ለመናገር በእሳቸውም ተናድጄ ነበር። ስለቀሩት ሰባቱ ለመናገር ነበር የደወልኩት።

ሰባቱ ለካ ተጽፈው ኖረዋል። መርማሪዎቹ ሰኞ ሊገቡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባይንደሮቹን ለመጨረሻ ጊዜ ስፈትሽ፣ ባዶው ሞልቶ አገኘሁት። ሁለቱ የሉም፤ ከዲሴምበር እስከ ጁን ያሉት ሰባቱ አሉ። የኤፕሪሉ ስብሰባ በዚያው በስቅለት ቀን ነው፤ ሐሙስ እንኳ ለማድረግ አልተደከመም። በየወረቀቱ ግርጌ "ጸሐፊ፦ የቢሮ ረዳት" ይላል። ስሜ የለም። ግን በዚያ ትምህርት ቤት ስንት የቢሮ ረዳት አለ? ስሜን ትተው እኔን አስፈርመውኛል።

ባይንደሩን እንዳለ አቅፌ ገባሁ። እንዲህ ስናደድ እንግሊዝኛው ይጠፋብኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አንድም ቃል አልጠፋኝም።

"ይህች የቢሮ ረዳት እኔ ነኝ። እዚህ የተጻፈው ቦታ ላይ አልነበርኩም፤ ማንም አልነበረም። መርማሪዎቹ ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።"

ባይንደሩን ተቀብላኝ ገለጠችው። "እነሱ የሚፈልጉት ይህንን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወረቀት ነው የሚፈልጉት" አለች።

"እንግዲያው የሆነውን እንጻፍላቸው።"

"ምን ብለን? አልተሰበሰብንም ብለን?"

"አዎ።"

ሰባቱን አንድ በአንድ ከቀለበቱ አወጣቻቸውና መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች። በምትካቸው ያገባችው አንድ ገጽ ነው። ባለፈው ዓመት መደበኛ ስብሰባ አለማድረጋችንን፣ ለወደፊቱ ልናደርግ ማሰባችንን የሚገልጽ። አመሰግናለሁ አላልኳትም። ለምን ብዬ?

መርማሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዷ፣ ከሌላ ከተማ የመጣች ሽበታም ርእሰ መምህርት፣ ቀጭኑን ባይንደር ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"የወላጅ ቅሬታ ሲመጣ ምን ይሆናል?" አለችኝ።

"እኔ እጽፈዋለሁ።"

"የት?"

መዝገቤን አሳየኋት። ማንም አላዘዘኝም፤ የተባልኩትን ስለምረሳ በገባሁ በሳምንቱ የጀመርኩት ነው። ማን ደወለ፣ ምን አለ፣ ምን ተመለሰለት። እንግሊዝኛዬ በዚያ ላይ ቆንጆ አይደለም። እሷ ግን ገጽ በገጽ ታነብ ጀመር። አንዲት እናት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ያቺ እናት አምስት ጊዜ ደውላለች። ልጇ እንግሊዝኛ ገና አልያዘላትም፤ ስትመዘገብ ረዳት መምህር ይመደብላታል ተብሎ ነበር፤ አልተመደበም። ልጅቱ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ትውላለች። በአምስቱም ትይዩ መልስ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

"ይህን ማን አይቶታል?"

"ለዳይሬክተሯ በየጊዜው ነግሬአለሁ። እናያለን ትላለች።"

"ስብሰባ ላይ ቀርቦ ያውቃል?"

ባይንደሩ ውስጥ ሰባቱ ወረቀቶች ቢኖሩ ኖሮ ይህችን ጥያቄ እነሱ በሐሰት ይመልሷት ነበር። "ስብሰባ አልነበረም" አልኳት። ጻፈችው።

ውጤቱ ጃንዋሪ ላይ መጣ። እውቅናውን አልተከለከልንም፤ ለአንድ ዓመት በክትትል እንድንቆይ፣ በየወሩ እንድንሰበሰብ፣ ቃለ ጉባኤውን እንድንልክ ተባልን። ምስጋናም ነበረበት። "ትምህርት ቤቱ የወላጆችን ድምፅ የሚያዳምጥበት ሥርዓት የሚያስመሰግን ነው" ይላል። ዳይሬክተሯ ለመምህራኑ አነበበችላቸው። "ሥርዓታችን" አለች። አጨበጨቡ። የሳይንስ መምህሩ ዞር ብሎ አየኝና ጠቀሰኝ፤ ሌላ ማንም ዞር አላለም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ስብሰባ ፌብሩዋሪ ላይ ተደረገ። የረዳት መምህሩ ጉዳይ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ በሩብ ሰዓት ተወሰነ፤ ሰው ይቀጠር ተባለ፣ ተቀጠረም። ሩብ ሰዓት ነበር የፈጀው። ያቺ ልጅ ግን በገና እረፍት ትምህርት ቤቱን ለቅቃ ነበር። እናቲቱ ለስድስተኛ ጊዜ የደወለችው የልጇን ሰነዶች ልትጠይቅ ነው። "እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ፣ ግን የሚሰማኝ አጣሁ" አለችኝ። ይህንንም ጻፍኩት።

ጁን ላይ ዳይሬክተሯ ውሌን ለማደስ ጠራችኝ። ቆንጆ ቀን ነበር፤ መስኮቷ ተከፍቶ የመኪናው ድምፅ ይገባል። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ፈገግ አለች።

"ያን ጊዜ ትንሽ ተሳስተን ነበር" አለች። "እኔም አንቺም። ግን ተምረንበታል።"

ይቅር ማለት ግዴታዬ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ይቅር ብያትም ነበር። "እኔም አንቺም" ስትል ግን ደሜ እንደገና ፈላ። የፈላውም ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በዚያች ቅዳሜ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሚስቱ አጠገብ የነበረን ሰው ስብሰባ ላይ ያናገርኩ እኔ ነኝ።

"ሁለቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ስለ ሁለቱ ንስሐ ገብቻለሁ። ሰባቱ የእኔ አይደሉም።"

"አሁንም ትቆጥሪያለሽ እንዴ?" አለች፣ እየሳቀች።

"አዎ" አልኳት። ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሥራ መደብ የሚለው ላይ "የቢሮ ረዳት" ይላል፣ እንደ ዱሮው። እሷ ሰዓቷን እያየች ጠበቀችኝ። ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩትና ፈረምኩ።